ሁለት ጉንጭ፣ ሦስት ቀን ጾም

በእኛ ሰፈር ሰላምታ የሚጀምረው ከፊት ነው። ሰው «ደህና ነሽ?» ከማለቱ በፊት ዓይኑ ጉንጭን ይለካል፤ ከዚያ «ምነው ከሳሽ?» ይላል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም የሚያሳስበው ዝም ሲባል ነው፤ ጎረቤት የከሳን ሰው አይቶ ዝም ካለ ወይ ተቀይሟል ወይ ነገሩ ከመናገር አልፏል። እኔን ግን አርባ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ይህ ጥያቄ ከቀራንዮ እስከ አየር ጤና በየሃምሳ እርምጃው ይጠብቀኝ ጀመር። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ይጠይቁኛል። ፌርማታ ላይ ቆሜ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐዘን አለብሽ እንዴ፣ እህቴ?» አለችኝ። የልጆቼ አባት ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ጥቁሬን ካወለቅሁ ደግሞ ስምንት። «የለብኝም» አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ኪሎዬ አልቀነሰም። ቀሚሴም ያው ልኬ ነው። የጎደለው ፊቴ ብቻ ነው። ከጉንጬ አጥንት በታች ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከአፍንጫዬ እስከ ከንፈሬ ዳር ደግሞ ሁለት መስመር ወረደ። ዝም ስል የተቆጣሁ እመስላለሁ፤ ሳነብ ያለቀስኩ እመስላለሁ።

የሚያስቀው ግን እነዚያ ዓመታት በዕድሜዬ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ጊዜ መሆናቸው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ጉልበቴ በማይገባበት ዴስክ ላይ ተቀምጬ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ የሒሳብ የቤት ሥራችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንሠራ ነበር፣ እሷ እኔን እያረመች። ከዚያ ዲፕሎማ ያዝኩና ቀራንዮ ካለ አንድ ትምህርት ቤት በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። እስካሁንም እዚያው ነኝ። ተማሪዎቹ ይፈሩኛል ይባላል። የገጽ ጫፍ አጥፎ የመለሰ ልጅ ያንን ጫፍ እኔ ፊት ቆሞ በጥፍሩ እስኪያቃና አይሄድም፤ ሌላ ቅጣት የለኝም። ዲግሪዬን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ልጨርስ አንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የልጆቼ የምርቃት ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ጋውን፣ ቆብ፣ በእጅ የተያዘ አበባ፣ ወርቃማ ፍሬም፣ እንደ ማንኛውም ቤት። ዲግሪውን የጀመርኩ ዕለት ወንዱ ልጄ ከሁለቱ ቀጥሎ ሦስተኛ ሚስማር መታ። «እማዬ፣ ቦታሽ ተይዟል» አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሚስማሩ ባዶውን ኖረ። እንግዳ ሲመጣ «ይሄስ የማነው?» ይላል፤ «የኔ ነው» እላለሁ፤ ይስቃል።

ለምርቃት መጽሔቱና ለሚስማሩ የሚሆነውን ፎቶ የተነሳሁት አየር ጤና ካለ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ባለ ፎቶው ወጣት ነው፣ ትሑት፤ አንስቶኝ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ጋ ጠራኝ።

«ላሳምርልዎት?»

«ምኑን?»

«ፊትዎን ትንሽ ልሙላው። ሁሉም ያስደርጋል።»

መልስ ሳልሰጠው ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና ጉንጬ ሞላ። ያማረ ነበር፤ አልዋሽም። ያች የተሞላችው ሴት እኔን ትመስላለች፤ ውስጤ እንደሚሰማኝ ዓይነት እኔን። ግን የእኔ አልነበረችም። ያላነበብኩትን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ ብዬ የማላውቅ ሰው፣ የሌለኝን ጉንጭ ግድግዳ ላይ ልሰቅል አልችልም።

«መልሰው» አልኩት።

መለሰው። ጋውን የለበሰች፣ ቆብ የደፋች፣ ከቀብር የተመለሰች ሴት አየሁ።

ያንን ፎቶ ይዤ ቤቴ ገባሁና መዝገበ ቃላት መሀል አስገባሁት። ለሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም። ያሳዘነኝ እርጅናው አልነበረም፤ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ሽበቴን እወደዋለሁ። ያሳዘነኝ ሠላሳ ዓመት ለፍቼ ያገኘሁት ደስታ ፊቴ ላይ መታየት አለመቻሉ ነው። ግድግዳው ላይ ስሰቀል የልጅ ልጆቼ አንድ ቀን ቀና ብለው «አያታችን ምን ሆና ነው?» ይላሉ። ምንም አልሆንኩም። ተመርቄ ነው።

ከዚያ አሰብኩ። በኮምፒውተር የማልቀበለው የእኔ ስላልሆነ ከሆነ፣ ቀድሞ ፊቴ ላይ ቢኖርስ?

የማነብ ሰው ስለሆንኩ አነበብኩ። ፊለር የሚባለውን ነገር ስሙን እንጂ ምንነቱን አላውቅም ነበር። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ውኃ የሚይዝ ነገር አለ፤ የሱን ዓይነት ሠርተው በመርፌ ከቆዳ ሥር ያኖሩታል፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ቆይቶ ይሟሟል። ባለ ነጠላ መስመር ደብተር ገዛሁና ጥያቄዎቼን በተራ ቁጥር ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ለልጄ የነገርኳት አሥራ ዘጠነኛውን ስጽፍ ነው፤ እሷ ባንክ ነው የምትሠራው፣ ያን ዕለት ሰሃን እያጠበችልኝ ነበር።

«ፊለር?» አለች። «እማዬ፣ አንቺ?»

«እኔ።»

«ሊፕስቲክ ተቀብተሽ የማታውቂው?»

«ሊፕስቲክ ያልነበረ ቀለም ነው። ይሄ የነበረውን መመለስ ነው።»

«እሺ። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶችስ እንዲህ ብለሽ ልታስረጂ ነው?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ልጄ በአረፋ እጇ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ አረፋውን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። «ከምር ግን፣ ቢበላሽስ?»

«ለሱ ነው ደብተር የያዝኩት» አልኩና ተራ ቁጥር ስድስትን አነበብኩላት፦ መርፌው ደም ሥር ውስጥ ቢገባና ቢዘጋው ምን ታደርጋላችሁ? ማጠቡን ተወችና ደብተሩን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበች። «የምታሳዝነው ሐኪሟ ናት» አለች።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የውበት ሳሎን ነው። የፀጉር ማድረቂያው እየጮኸ፣ ልጅቱ ጆሮዬ ሥር መጥታ «በምሳ ሰዓትዎ ተሠርተው ይመለሳሉ» አለችኝ። ዶክተር አያስፈልገውም፤ ኮርስ ወስደዋል። የመድኃኒቱን ካርቶን አሳዩኝ ብል ካርቶኑ ተጥሏል። የሚያሟሟውን መድኃኒት አላችሁ ወይ ብል «ለምን ይሟሟል? እንዲቆይ አይደል የሚፈልጉት» አለች። «እማዬ፣ እርስዎ ግን ጥያቄ አበዙ።» ገና ተራ ቁጥር አራት ላይ ነበርኩ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ከዘነበወርቅ መንገድ ገባ ብሎ ያለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ምድር ላይ ላቦራቶሪ አለ፤ ሁለተኛው ፎቅ የዕጢና የካንሰር ሕክምና፤ አራተኛው ፎቅ ላይ የቆዳ ሐኪም። ሊፍቱ ስላልሠራ በደረጃ ስወጣ፣ ልክ ሁለተኛው ፎቅ በር ላይ አንዲት የጸሎት ቡድናችን እህት የእናቷን የምርመራ ውጤት ይዛ ስትወርድ ተገጣጠምን። አቀፈችኝ። ፊቴን አየች። በሩ ላይ የተጻፈውን አየች። መልሳ ፊቴን አየች።

«ደህና ነው?» አለች።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን በእኛ ዘንድ ፀጉር መቀባት እንኳ በሹክሹክታ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አብረን ከምንጸልየው አሥራ አራት ሴቶች መሀል ጉንጫቸውን ሊያስሞሉ ደረጃ ሲወጡ መታየት የሚፈልጉ የሉም። ስለዚህ አፌ የለመደውን አለ። «ደህና ነኝ፤ ብቻ ጸልዪልኝ» ብዬ ወጣሁ።

«ጸልዪልኝ» በእኛ መሀል ግማሹ ልመና ነው፣ ግማሹ ደህና ሁኚ። ታክሲ ሲመጣ «ጸልዪልኝ» ብለን እንሳፈራለን። ስልክ ስንዘጋ እንለዋለን። አሥር ጊዜ ሲባል ዘጠኙ ጆሮ ላይ ይቀራል። አሥረኛው ግን ልብ ውስጥ ይገባል፤ የቱ አሥረኛ እንደሚሆን ተናጋሪው አያውቅም።

ሐኪሟ ሴት ናት፤ በአርባዎቹ መጀመሪያ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምትሰካ። ደብተሬን ስከፍት ወንበሯን አስጠጋች። አሥራ ዘጠኙንም መለሰች፤ አሥራ አንደኛውን ግን «ይሄን በእርግጠኝነት አላውቅም» አለች፤ ያመንኳት ያኔ ነው። ስለ ደም ሥር መዘጋት ስጠይቃት አላቃለለችውም። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን ከባድ ነው፤ ቆዳን ይገድላል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል አለች። ወዲያው የሚያሟሟ መድኃኒት መኖር አለበት። «አለኝ» አለች።

«ላየው እችላለሁ?»

ተነስታ ትንሿን ፍሪጅ ከፈተች። ጠርሙሶቹን አየሁ፤ መነጽሬን አድርጌ የማብቂያ ቀናቸውን አነበብኩ። እሷ የፍሪጁን በር ይዛ ጠበቀችኝ። «ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች፤ ቅር ያላት አትመስልም።

«ምን ያህል ነው የሚፈልጉት?»

«ሰው የማያውቀው ያህል» አልኩ። «እኔ ግን የማውቀው ያህል።»

ለሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ከደመወዜ ለራሴ ያኖርኩት ነበረኝ፤ ለማንም ሳልናገር አንድ ነገር እገዛበታለሁ ብዬ ያኖርኩት። በግንቦት አንድ ሰኞ ጠዋት ያንን ደረጃ መልሼ ወጣሁ። ፊቴን በነጭ እርሳስ ነጠብጣብ አደረገችበት፤ ልክ እኔ የተገነጠለ መጽሐፍ ሳልሰፋ ጀርባው ላይ እንደማደርገው። ጫፉ የማይወጋ ቀጭን ነገር በአንድ ትንሽ ቀዳዳ አስገባች። ማደንዘዣ ስላለበት አላመመኝም፤ ግን ይሰማል፤ ከቆዳዬ ሥር የሆነ እንግዳ ቦታውን እያሰፋ ሲቀመጥ። ጣቷ ከውጭ ይከተለው ነበር። ቀኙን ጨርሳ ግራው ላይ ስትደርስ ትንሽ ደም ቋጠረ። «ይበልዛል፤ በሳምንት ይጠፋል» አለች። ከዚያ መስታወት ሰጠችኝ።

ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ሌላ ሴት እንዳላይ ፈርቼ ነበር። ያየሁት ግን ከብዙ ዓመት በፊት አውቃት የነበረችውን ነው፤ ዳር ዳሯ ሸብቶ፣ ግራ ጉንጯ ትንሽ አብጦ። ሳቅሁ። ስስቅ ጉንጬ ዓይኔ ሥር ድረስ ወጣ። ይህን ጉንጬ ማድረግ እንደሚችል ረስቼው ነበር።

«ለሁለት ቀን ብዙ አይሳቁ» አለች ሐኪሟ።

ሁለቱን ቀን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ወንበሬን መስኮት ጋ አድርጌ፣ መጽሐፍ ይዤ፣ በየሦስት ገጹ ወደ መስታወቱ እየሄድኩ። ረቡዕ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ።

አምስት ሆነው ቆመዋል። ፊት ለፊት የቡድናችን ሰብሳቢ፤ ኮስታራ፣ ቀጥ ያለች፣ ለሁሉ ነገር ዝርዝር ያላት ሴት። ቀጥላ ደረጃ ላይ ያገኘችኝ እህት፤ ብርቱካን ይዛለች። ሁለት እህቶች ጁስና ወተት ይዘዋል። ከኋላቸው፣ የአንዷን ክንድ ተደግፈው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንት። እማማ ከከፋ በወጣትነታቸው መጥተው አርባ ዓመት አየር ጤና ላይ ማርና ኮረሪማ የነገዱ ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት በድምፅና በእጅ ነው የሚያውቁን።

«ጌታ ይፈውስሽ» እያሉ ገቡ። ምንም ሳልል ተቀመጡ። የበለዘው ጉንጬ ላይ ዓይናቸው አረፈ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሄደ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

«እዩዋት» አለች አንዷ። «ፊቷ ሞልቷል።»

«ጌታ ይመስገን።»

«ባለፈው ሐሙስ የነበረው ጉድጓድ የት ሄደ? እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«መርፌ ተሰጣት መሰለኝ፣ ያው በልዟል» አለች ያች የደረጃዋ እህት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «የዚያን ዕለት እዚያ በር ላይ ‹ጸልዪልኝ› ስትለኝ ነገሩ ገባኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለቡድኑ ብቻ ነው።»

ሰብሳቢያችን እጄን ያዘች። «ራስሽ እስክትነግሪን ሳንጠይቅሽ ሦስት ቀን ጾመንልሻል፣ እህቴ። አሥራ ሦስታችንም። ነገ ዕረፊ፤ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ምስክርነት ትሰጪያለሽ። ጽፌዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ማመስገን ጀመሩ፤ አንዷ መዝሙር አነሳች። በደስታቸው ላይ እንዴት ብዬ ልናገር? የሰው ደስታ እንደዚያ አስሮኝ አያውቅም። ጁሱን ቀዳሁላቸው። ሲወጡ ሰብሳቢያችን በር ላይ ቆማ ወደ እማማ እየጠቆመች በጆሮዬ አለችኝ፦ «እማማ ከነጨጓራቸው ነው የጾሙት። ተዉ ብንላቸው እንቢ አሉ።»

እማማ የጨጓራ ክኒናቸውን ካልበሉ አይውጡትም። ሦስት ቀን ማለት ሦስት ቀን መቃጠል ነው። ለኔ ጉንጭ።

ያን ዕለት መስታወት አላየሁም።

በነጋታው ከሥራ በፊት እማማ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ድምፄን ሰምተው ወንበር ሳቡልኝ።

«እማማ፣ አልታመምኩም» አልኩ፤ ሰላምታም ሳልጨርስ።

«አዎ፣ ጌታ ፈውሶሻል።»

«አይደለም። መጀመሪያውኑ አልታመምኩም። የሄድኩት አራተኛው ፎቅ ነው፤ ለፊቴ። ጉንጬ ጎድጉዶ ስለነበር በመርፌ አስሞላሁት።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«አስሞላሽ? ምን?»

«መድኃኒት ነገር ነው፤ ቆዳ ሥር የሚቀመጥ።»

«እንዲያምርሽ?»

«ለምርቃት ፎቶዬ። ደስ ያለኝ እንድመስል። ደስ ብሎኛል እኮ፣ እማማ፤ ፊቴ ነው አልናገር ያለኝ።»

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ብድግ አልኩ። እየሳቁ ነው፤ ድምፅ በሌለው ሳቅ፣ ጨጓራቸውን በእጃቸው ደግፈው።

«ሦስት ቀን» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ! እኔ ለሞት የምትታገል ሴት ብዬ እሳት ስውጥ፣ አንቺ ጉንጭ ታስሞያለሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ነይ እስቲ ልንካው።»

ጎንበስ አልኩላቸው። አርባ ዓመት ማር በጣታቸው መሀል እያሹ ደህናውን ከተቀላቀለው ሲለዩ የኖሩ ጣቶች ናቸው። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ በቀስታ ዳሰሱ።

«ለስላሳ ነው» አሉ። «ጎበዝ ናት የሠራችው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ። «ስሚ ልጄ። ማር ስነግድ ስኳር የሚጨምሩ ነበሩ። አንዱ ‹ስኳር አለበት› ብሎ ይሸጣል፤ ገዢው ወዶ ይገዛል፤ ሌባ አይደለም። ሌላው ዝም ብሎ ይሸጣል። ሌባው እሱ ነው። ስኳር አይደለም የሚያስጠላው፤ ዝምታው ነው።»

«የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ እናገራለሁ።»

«ትናገሪያለሽ። ሌላም አለ። በሰኔ ዓይኔን ልገፈፍ ቀጠሮ ይዤያለሁ። ሦስት ቀን ትጾሚልኛለሽ። የእኔ ሕመም ደግሞ እውነት ነው።»

«እጾማለሁ።»

«ቡናም የለም» አሉ። ያለ ቡና ቃል እንደማይወጣኝ ያውቃሉ።

በሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ሰብሳቢያችን ዝርዝሯን አይታ ጠራችኝ። በሰው ፊት ከመናገር መጽሐፍ ብበላ ይሻለኛል፤ ያን ዕለት ግን ጽፌው ነበር፣ ግማሽ ገጽ። ተነስቼ ወረቀቱን አጠፍኩትና በቃሌ ተናገርኩ። አልታመምኩም አልኩ። የት እንደሄድኩ፣ ምን እንዳስደረግሁ፣ ለምን እንዳስደረግሁ ነገርኳቸው። ደረጃው ላይ «ጸልዪልኝ» ያልኩት ለመሸሽ እንደነበር፣ ያሳፈረኝ መርፌው ሳይሆን እሱ እንደሆነ። ስለ ጾሙ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ ጉንጬ ግን አልጠየቅሁም፤ ይህንንም ነገርኳቸው።

ውጭ አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ሁላችንም አዳመጥነው።

«እኔ እኮ ቤተሰቦቼን ሁሉ አስጸልዬልሻለሁ» አለች የደረጃዋ እህት፣ ቀስ ብላ። «ታላቅ እህቴ ሳታውቅሽ አልቅሳልሻለች።»

«አውቃለሁ። ቤቷ ድረስ ሄጄ እነግራታለሁ።»

ሰብሳቢያችን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኛ የጸለይነው ለካንሰር ነበር» አለች፤ እያንዳንዷን ቃል እየለየች።

«ታዲያስ?» አሉ እማማ ከጥግ። «ካንሰር አለባት?»

«የለባትም።»

«እንግዲህ ተሰምቷል።»

መጀመሪያ የሳቀችው የደረጃዋ እህት ናት፤ እንባዋን እየጠረገች። ከዚያ አንድ በአንድ ክፍሉ ሁሉ ተከተለ። አንዷ መጥታ ጉንጬን በጣቷ ጫፍ ጫን አድርጋ «ያማል?» አለችኝ፤ ሌላዋ «ተይ ይፈርጣል» አለቻት፤ እንደገና ተሳቀ። ሰብሳቢያችን አልሳቀችም። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ትባርከኛለች፣ ግን ግንባሬን ነው የምታየው፤ ከዚያ በታች አትወርድም። አልቀየማትም። ሦስት ቀን ጾማለች።

በሰኔ ሦስት ቀን ጾምኩ፤ ያለ ቡና። ሁለተኛው ቀን ላይ ለአንድ ተማሪ የፈለገውን ጂኦግራፊ ትቼ ባዮሎጂ ሰጠሁት፤ ሳይጠይቅ ይዞ ሄደ፣ ፊቴን አይቶ ይሆናል። እማማን ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው እኔና ልጃቸው ነን። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳም አጠገባቸው ነበርኩ። ነርሷ ቀስ ብላ ላጠችው። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ፣ ጨፍነው ከፈቱ። መስኮቱን አዩ። እጃቸውን ገልብጠው አዩ። ከዚያ እኔን።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ከሳች፣ ከሳች› ሲሉሽ እሰማለሁ። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።» ጠጋ አሉ፤ አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። «ግራው ይበልጣል» አሉ።

ነርሷ ሳቋን ያዘች።

ልክ ናቸው። ጥቂት፣ የስንዴ ቅንጣት ያህል። እብጠቱ ከወረደ ጀምሮ በመስታወት ሳስተያየው ነበር፤ ሐኪሟ ለክትትል ስሄድ «ላስተካክለው?» ብላኝ ነበር። የታጠፈ የገጽ ጫፍ እንኳ የሚያስከፋኝ ሴት ነኝና እሺ ማለት ነበረብኝ። ግን የልጅነት ፊቴም እንዲያ ነበር፤ ግራው ይበልጥ ነበር። «ይቆይ» ብያት መጣሁ። ከዓመት በኋላ ሁለቱም ይሟሟሉ። ያኔ መልሼ ደረጃውን እወጣ እንደሆን አላውቅም፤ ከወጣሁ ግን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የምሄድበትን ፎቅ እነግረዋለሁ።

የተመረቅሁት በሐምሌ፣ ዝናብ በሚወርድበት ቀን ነው። ያ የአየር ጤናው ባለ ፎቶ አንስቶኝ ኮምፒውተሩ ላይ አወጣኝ፤ እጁን ማውሱ ላይ እንዳደረገ ትንሽ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ አተመው።

ልጄ ሦስተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለው። በዚያው እሑድ እማማን ምሳ ጠራናቸው። በአዲሱ ዓይናቸው ቤቱን ሁሉ ዞረው አዩ፤ መጋረጃውን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያዬን፣ ምንጣፉ ላይ እኔ ያላየሁትን ቅባት። ከዚያ ግድግዳው ፊት ቆሙ። የሴት ልጄን ፎቶ አዩ፤ «ይቺ ፈርታለች» አሉ። የወንዱን አዩ፤ «ይሄ ጫማው ጠቦታል።» ከዚያ ወደ ሦስተኛው ተጠጉ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ።

ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅሁ። ለፈተና ውጤት እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም።

«ይቺኛዋ ግን» አሉ እማማ፣ ሳይዞሩ፣ «ደስ ብሏታል።»